ከጎባ ግቢ ወደ ጀሞ ደረጃ፦ ያገለገለ ኮንዶሚኒየም ሲገዛ

የመኸር ስንዴ ታጭዶ ኮምባይነሮቹ ከሲናናና ከአጋርፋ ማሳ ሲወጡ ባሌ ሮቤ ላይ ብር ይንቀሳቀሳል። ዕዳ ይከፈላል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ የቤት ቆርቆሮ ይቀየራል። ደህና ያመረተ ገበሬና ደህና የነገደ ነጋዴ ደግሞ ከዚህ አለፍ ያለ ሐሳብ ያነሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ቤት መግዛት። ልጅ እዚያ ትማራለች፣ አባት ለሕክምና ይመላለሳል፣ ዕቃ ለማምጣት መርካቶ መሄድ አይቀርም፤ በሄዱ ቁጥር ለአልጋ የሚወጣው ገንዘብም ቀላል አይደለም። 430 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር ሰው ቦታ ገዝቶ ማስገንባት ራስ ምታት ነው፤ የሪል እስቴት ዋጋ አይቀመስም። ዐይን የሚያርፈው ሰው በኖረበት፣ ካርታ ባለው፣ ቁልፉን ተቀብለው ወዲያው በሚገቡበት ኮንዶሚኒየም ላይ ይሆናል።

ጎባ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛውን ነገር ከዳር እስከ ዳር ያየዋል። አጥሩ እዚህ ያበቃል፣ ሽንት ቤቱ እዚያ ነው፤ ጣሪያው ካፈሰሰ አናጢ የሚጠራው እሱ ነው፣ የሚከፍለውም እሱ ነው። አዲስ አበባ፣ ጀሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሂሳቡ ይለያል። የአንዱ ጣሪያ የሌላው ወለል ነው። ደረጃው፣ የውሃ መስመሩ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱና ሕንፃው የቆመበት መሬት የሁሉም ነው። ዋጋ የሚቆረጠው በመኝታ ክፍል ብዛትና በፎቅ ቢሆንም፣ በኋላ ገዢውን እንቅልፍ የሚነሳው አብዛኛው ነገር ያለው ከክፍሉ ውጭ፣ በጋራው ንብረት ላይ ነው።

ሕንፃዎቹ ከየት መጡ

የአገራችን ኮንዶሚኒየም ገና የአንድ ትውልድ ታሪክ ነው። ሕጉ ከሕንፃው ቀድሞ መጣ። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 አንድን ሕንፃ በተናጠል ከተያዙ ቤቶችና ከጋራ መገልገያዎች የተሠራ አድርጎ ተረጎመው፤ ቢያንስ አምስት ቤቶች ሊኖሩት እንደሚገባም ደነገገ። ቀጥሎ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን፣ የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ባስተዋወቀው ወጪ ቆጣቢ የግንባታ ዘዴ፣ ቦሌ ገርጂ ላይ የሙከራ ሕንፃዎች ተሠሩ። በ1997 የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ሲጀመር ለመመዝገብ የተሰለፈው የአዲስ አበባ ነዋሪ ከ450 ሺህ በለጠ። በ2005 በተደረገው ሁለተኛ ምዝገባ ደግሞ ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉት የቁጠባ ዓይነቶች በሰው አፍ የገቡት በዚያን ጊዜ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት መሠረት እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ድረስ 171 ሺህ ገደማ ቤቶች ተሠርተዋል። በክልል ከተሞች የተጀመረው ግን ሩቅ አልሄደም። ቅድሚያ ክፍያው የነዋሪውን አቅም አልፎ ተገኘ፤ ግቢ ለለመደ ሰው ፎቅ ላይ መኖርም እንግዳ ነገር ነበር፤ ሥራው በዚያው ዘመን ቆመ። አዲስ አበባ ላይ ግን ከጎተራና ከልደታ ተነስቶ በጀሞና በሰሚት አልፎ እስከ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ድረስ ተስፋፋ።

ዛሬ የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች ሃያ ዓመት እየሞላቸው ነው። ፕሮግራሙ ሲታቀድ ስቱዲዮ የሚባለው ትንሹ ቤት ከ20 ሺህ ብር በታች ነበር የተተመነው። አሁን ያንኑ ቤት የሚሸጥ ሰው የሚጠራው በሚሊዮን ነው። የመሬት እጥረቱ፣ የዋጋ ንረቱ፣ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ፣ ገንዘብን በባንክ ከማስቀመጥ በቤት ማስቀመጥ ይሻላል የሚለው የሁሉም ሐሳብ ተደምረው ሕንፃው ባረጀ ቁጥር ዋጋው እንዲጨምር አድርገዋል። ይህ በመሆኑም ገዢው ስለ እርጅናው ብዙም አይጠይቅም፤ ለሦስት ወር ከዘገየ ዋጋው ጥሎት ይሄዳል ብሎ ይሰጋልና።

የወረቀቱ ጉዳይ

ደላላ መጀመሪያ የሚያሳየው ቤቱን ነው፤ መታየት ያለበት መጀመሪያ ግን ካርታው ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ካርታው በማን ስም ነው? በቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለ? ሻጩ የመሸጥ መብት ያገኘበት ጊዜ ደርሷል? ለሦስቱም መልስ የሚገኘው ከደላላው ስልክ ሳይሆን ቤቱ ካለበት ክፍለ ከተማ ማኅደር ነው። የቱ መሥሪያ ቤት የሚለውም ቢሆን አንዳንዴ ይጠየቃል። በ2014 ነሐሴ ይፋ በሆነው የአዲስ አበባና የኦሮሚያ የወሰን ስምምነት የኮዬ ፈጬ ሳይት በኦሮሚያ በኩል ስለተካለለ፣ የድሮውን አድራሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሊንከራተት ይችላል።

ከተመዘገቡት መካከል ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ማከራየት ግን ይችላል። ይህ ክልከላ የወለደው ገበያ አለ፤ በውክልና መሸጥ። ባለዕድሉ ገንዘቡን ተቀብሎ ቁልፉን ያስረክባል፣ ለገዢው ደግሞ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል ውክልና ይሰጣል፤ ስም የሚዛወረው አምስት ዓመቱ ሲሞላ ነው ተብሎ ይታመናል። በዚያ መሃል ብዙ ነገር ይመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ ከሞተም ውክልናው አብሮት ይቀራል። ወራሾቹ ቤቱን የአባታችን ነው ብለው ሲመጡ፣ ለዓመታት የኖረበት ሰው በእጁ የሚቀረው ዋጋ ያጣ ወረቀት ነው። ያረጀ ኮንዶሚኒየም በዚህ በኩል ከአዲሱ ይሻላል፤ የመሸጥ ክልከላው አልፎለታል፣ ስሙም በቀጥታ ይዛወራል። ሆኖም ቤቱ ቀደም ብሎ በውክልና ከሁለትና ከሦስት እጅ ዞሮ ከሆነ እያንዳንዱን ሰንሰለት መከተል ግድ ነው።

ባለትዳር የሆነ ሻጭ ብቻውን ቢፈርም አይበቃም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ያልፈረመችው ሚስት ወይም ያልፈረመው ባል ነገሩን ባወቁ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ሽያጩ በተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። ሻጩ ላጤ ነኝ ካለም ያላገባ ስለመሆኑ ማስረጃ ያምጣ። ሚስቴ ሞታለች ካለ የወራሾቹ ጉዳይ ተዘግቶ መሆኑን የፍርድ ቤት ወረቀት ያሳይ።

ውሉ የሚፈረመው ሰው ሁሉ «ውልና ማስረጃ» በሚለው መሥሪያ ቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ይህ ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ካፌ ቁጭ ብለው፣ ሦስት ምስክር ጠርተው የተፈራረሙት ውል ሰዎቹ ሲጣሉ አያስተማምንም። ቀብድም እንዲሁ ነው። በሕጉ ቀብድ የሰጠው ወገን ከቀረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከቀረ እጥፉን ይመልሳል፤ ይህ የሚሠራው ግን ዋናው ውል በሕግ ፊት ሲቆም ነው። ለዚህም ነው ጠንቃቃ ገዢ ማኅደሩ ሳይታይ ቀብድ የማያወጣው።

ሌላው ወጥመድ በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ነው። ግብር ለማሳነስ ሲባል 5 ሚሊዮን የተሸጠውን 1 ሚሊዮን ብሎ መጻፍ የተለመደ ሆኗል። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ውሉ ቢፈርስ ገዢው በማስረጃ ሊያስመልስ የሚችለው የተጻፈውን ነው፤ ቀሪውን 4 ሚሊዮን ከሻጩ ኅሊና ይጠብቃል።

ጥንቃቄው የተጋነነ የሚመስለው ካለ ሐምሌ 1 ቀን 2014ን ያስታውስ። በዚያ ቀን 25,491 ቤቶች በአደባባይ ዕጣ ወጥቶባቸው፣ ሲስተሙ ላይ ማጭበርበር ተገኝቷል ተብሎ ዕጣው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰረዘ፤ በጉዳዩ የተጠረጠሩ ሰዎች ታሰሩ፤ ዕጣው ዳግም የወጣው በኅዳር 2015 ነው።

የሕንፃው ገላ

ቤት ለማየት የሚመጣ የክልል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፣ ሳሎኑን ያያል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይሄዳል። ቤቱ የሚታወቀው ግን በሌላ ሰዓት ነው። ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲታጠብ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ግፊቱን ማየት ያስፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚደርስ የሚያውቁት ሻጩ ሳይሆን በረንዳ ላይ የተደረደሩት ጄሪካኖች ናቸው።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ወደ ላይ ቀና ማለት ይገባል። የጣሪያው ቀለም ላይ ቡና የፈሰሰበት የመሰለ፣ ዳሩ የጠቆረ ክብ ካለ፣ ከላይ ያለው ቤት ውሃ ያሳልፋል ማለት ነው። ታሪኩ በየሳይቱ ይመሳሰላል። የላይኛው ባለቤት ቤቱን ሲያሳምር የድሮውን ወለል አስቆፍሮ አዲስ ሴራሚክ ያስነጥፋል፤ ሠራተኛው ከሥር ያለውን የውሃ መከላከያ ይበሳል ወይም የፍሳሽ ቱቦውን መገጣጠሚያ ያናጋል። ከወራት በኋላ የታችኛው ቤት ልስን ማበጥ ይጀምራል፤ በጥፍር ቢነኩት እንደ ዱቄት ይረግፋል። ቱቦው ያለው በላይኛው ቤት ወለል ውስጥ ነው፣ ጉዳቱ በታችኛው ቤት ነው፤ ለመጠገን ደግሞ ያስነጠፈው ሰው አዲሱን ሴራሚኩን እንዲያስፈርስ መስማማት አለበት። ቀለም ትናንት የተቀባ ቤት ሲያጋጥም ለምን አሁን ተቀባ ብሎ መጠየቅ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

የ20/80 ሕንፃዎች ክብደት የሚሸከሙት በኮለንና በቢም ነው፤ የብሎኬት ግድግዳው ክፍል ይከፍላል እንጂ አይሸከምም። ሳሎን ለማስፋት ብሎኬት ያፈረሰ ጎረቤት ሕንፃውን አይጥልም፤ መስመር ለማሳለፍ ኮለን ወይም ቢም የበሳ ግን በሁሉም ላይ ፈርዷል። የውሃ እጥረቱ ያመጣው ሮቶም ይታይ። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ነው፤ አሥር ኩንታል ስንዴ በአንድ በረንዳ ጥግ ላይ ዓመት ሙሉ ተከምሮ ማለት ነው። የበረንዳው ሥር ስንጥቅ ካለው ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቀጭን ነው ወይስ ብረቱ ዝጎ ሲሚንቶውን እየገፋ ነው የሚለውን የሚለየው ባለሙያ ነው። አንድ መሐንዲስ ለግማሽ ቀን ቢከፈለው ወጪው ከደላላው ኮሚሽን ጋር አይወዳደርም።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በመጠን 5.8 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይም ተሰምቷል። በእነዚያ ሳምንታት ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ስለ ሕንፃው ጥንካሬ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሕንፃዎች የተነደፉት እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ በሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ኮዱ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ ተተክቷል። ያረጀ ኮንዶሚኒየም የሚገዛ ሰው ሕንፃው በየትኛው ዘመን እንደተነደፈና ከመንቀጥቀጡ በኋላ ሰው አይቶት እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ኮሚቴው ምን ይሠራል

ቤቱን የገዛ ሰው ወደደም ጠላ የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር አባል ይሆናል። አዋጁ የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረውና የሚጠግነው ማኅበሩ እንዲሆን፣ ወጪውንም ባለቤቶች እንደ ድርሻቸው እንዲያዋጡ ይላል። በተግባር ግን የብዙው ማኅበር ሥራ ከጥበቃና ከጽዳት አያልፍም። ባለቤቱ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል፣ ተከራዩ «የባለቤቱ ጉዳይ ነው» ይላል፤ የደረጃው አምፖል ሲቃጠል በሞባይል መብራት መውጣት ይለመዳል። ጣሪያ የሚለወጥበት፣ የፍሳሽ መስመር የሚቀየርበት ገንዘብ አስቀድሞ የሚያጠራቅም ማኅበር ብርቅ ነው።

ለዚህ ነው ገዢው ከሻጩ ቀጥሎ ሊያነጋግር የሚገባው የማኅበሩን ሊቀ መንበር ወይም ሒሳብ ያዥ የሚሆነው። በየወሩ ስንት ይዋጣል? ስንት ቤቶች አይከፍሉም? ይህ ቤትስ ውዝፍ አለበት? በባንክ ያለው ገንዘብ ስንት ነው፣ ደረሰኝስ ይቆረጣል? በየግቢው ለዕርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብለው የተሠሩ የጋራ ቤቶች አሉ፤ በአንዳንድ ሳይቶች የማኅበሩ ኮሚቴ ለሱቅ ወይም ለመዋዕለ ሕፃናት አከራይቷቸዋል። ኪራዩ የት እንደሚገባ የሚሰጠው መልስ ስለ ማኅበሩ ብዙ ይናገራል። ምድር ቤት ያሉት የንግድ ክፍሎች በጨረታ የተሸጡ ስለሆኑ ከበላያቸው የሚኖር ሰው ሥጋ ቤት ወይም ግሮሰሪ ጎረቤት ሊኖረው ይችላል፤ ይህም በቅዳሜ ማታ ጉብኝት ይታወቃል።

በዚህ ነገር የቆየ ልምድ ያላት አገር ጃፓን ናት። ጃፓኖች ለጋራ ሕንፃ ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ዛሬ 7 ሚሊዮን ገደማ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አሏቸው። እዚያ ያረጀ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሕንፃው የግንባታ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1981 በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ነው፤ ጠበቅ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ሥራ ላይ የዋለው ያኔ ነውና። ቀጥሎ የሚያየው የጥገና መጠባበቂያውን ነው። እያንዳንዱ ባለቤት በየወሩ ከአስተዳደር ክፍያው ለይቶ ለጥገና ያዋጣል፤ በዚያ ገንዘብ በ12 ዓመት ገደማ አንዴ ሕንፃው በሙሉ ታጥሮ ውጫዊ ግድግዳው፣ ጣሪያውና ቱቦው ይታደሳል። ቤቱን የሚያሻሽጠው ድርጅት ደግሞ ለገዢው ስለ ሕንፃው በጽሑፍ ማስረዳት ግዴታው ነው።

ጃፓንም ቢሆን ሁሉም አልተሳካላትም። አርክቴክት ኪሾ ኩሮካዋ የነደፈው የቶኪዮው ናካጊን ካፕሱል ታወር እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሠራ 140 ክፍሎቹ በየ25 ዓመቱ ተነቅለው በአዲስ እንዲተኩ ታስቦ ነበር። አንድም ክፍል አልተተካም። ባለቤቶቹ በወጪው ሳይስማሙ ሕንፃው ውሃ እያስገባ አረጀ፤ በ2022 ፈረሰ። በዓለም የታወቀ ሕንፃ ከሆነ ጀርባው ጠንካራ ነው ብሎ የገዛ ሰው፣ በመጨረሻ ያየው የጎረቤቶቹን አለመስማማት ነው።

ገንዘቡ

ከዋጋው በላይ የሚወጣ ወጪ አለ። አዲስ አበባ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው የስም ማዛወሪያ 4 በመቶና የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው። የሚሰላውም በውሉ ላይ በተጻፈው ብቻ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ በሚያወጣው ግምት ስለሆነ፣ አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው ኪሱ ባዶ ከሆነ በኋላ ይደነግጣል። ሻጩ በበኩሉ ከሽያጩ ባገኘው ጥቅም ላይ ግብር ሊጠየቅ ይችላል፤ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ለማይንቀሳቀስ ንብረት 15 በመቶ ብሎ ነበር። ማን የቱን ይከፍላል የሚለው በቃል ከቀረ የስም ዝውውሩ እዚያው ይቆማል። ደላላ እንደ ልማዱ ከየወገኑ 2 በመቶ ይጠብቃል። የጣሪያና ግድግዳ ግብር ውዝፍ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብም አብረው ይጣሩ። ቤቱ ተከራይ ካለበት ደግሞ ውሉን ማየት ያስፈልጋል፤ በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት ያላነሰ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ ገዢው በሳምንቱ እገባለሁ ብሎ ሊያቅድ አይችልም።

ባለ ካሽ ገዢ ይበዛል፤ ለአሮጌ ቤት በብድር መሄድ ግን የማይቻል አይደለም። በቤት ብድር ላይ አተኩሮ የተቋቋመው ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ሥራ ጀምሯል። ወለድ ለማይፈልገው፣ በባሌ ብዙ ለሆነው ሙስሊም ደግሞ ከወለድ ነፃ የሚሠሩት ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች መከፈታቸው በር ከፍቷል፤ በሙራባሃ ውል ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በክፍያ ይሸጣል። ባንክ ገባ ማለት ደግሞ የባንኩ መሐንዲስ ቤቱን ገምቶ፣ ጠበቃው ማኅደሩን አይቶ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ ራሱ ማሠራት አለበት።

ሻጩ ለቤቱ የተበደረውን የንግድ ባንክ ዕዳ ሳይጨርስ የሚሸጥ ከሆነ አሠራሩ ይታወቃል። ገዢው ከዋጋው ላይ ቀንሶ ቀሪውን ብድር ባንኩ ቆጣሪ ላይ፣ ሻጩ ባለበት ይከፍላል፤ ባንኩ ክሊራንስ ይሰጣል፣ እግዱ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ውልና ማስረጃ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ብድር እስከ 20 ዓመት የሚዘልቅ ነበር። በ1998 እና በ1999 የፈረሙ ባለዕድሎች ዕዳቸውን ጨርሰው ወይም ሊጨርሱ ተቃርበው ካርታቸው ከባንክ ነፃ እየሆነ ነው፤ ከእነሱ መካከል ጡረታ የወጡት፣ ደረጃ መውጣት ያቃታቸውና ለልጆች ማካፈል የሚፈልጉት ቤታቸውን ለገበያ ማቅረባቸው አይቀርም። የእነዚሁ ሕንፃዎች የቆርቆሮ ጣሪያና የፍሳሽ ቱቦ ዕድሜም በዚያው ልክ ሃያ ዓመት ነው፤ የሚቀየርበት ገንዘብ በማኅበሩ ሒሳብ ውስጥ ከሌለ ደግሞ አዋጪው አዲሱ ገዢ ነው። ከሮቤ የሚመጣ ሰው ዋጋ ሲከራከር በመኝታ ክፍሉ ቁጥር ላይ ያንን ወጪም ደምሮ መከራከር ይችላል።